በዘይት ከተበከለ ውሃ አዲስ የባክቴሪያ ዝርያ ለይቶ ማወቅ፦ ከድሬዳዋ ቦይ እስከ ዝርያው ስም

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ከደረሰባት ጊዜ አንስቶ የትራንስፖርትና የጥገና ሥራ ያልተለያት ከተማ ናት። ጋራዥና ላቫጆ ባለበት ሁሉ ናፍጣ፣ ግሪስና የተቃጠለ ዘይት ከአጠባው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቦይ ይወርዳል። በዚያ ጥቁር ውሃ ውስጥ ዘይቱን ምግባቸው አድርገው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። እስከ ዛሬ በደንቡ መሠረት ስም የወጣላቸው የባክቴሪያ ዝርያዎች ከ20 ሺህ በላይ ቢሆኑም፣ በተፈጥሮ ውስጥ አሉ ተብለው ከሚገመቱት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ፣ ከአንድ የሰፈር ቦይ ስም የሌለው ዝርያ ማግኘት የሚቻል ነገር ነው። ማግኘቱ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። «ይህ አዲስ ነው» ማለት «ከዚህ በፊት ከታወቁት ከሁሉም የተለየ ነው» ማለት በመሆኑ፣ አዲስ የሚመስለን ውጤት ሁሉ ስህተት አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የራሳችን ስህተት ነው ብለን መያዝ ይኖርብናል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ መሠረታዊ ልምምድ ላላቸው ተማሪዎችና ባለሙያዎች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ደረጃም ይህን ጥርጣሬ እንዴት መመለስ እንደሚቻል ያሳያል።

ከጠርሙሱ በፊት ፈቃዱ

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ናሙና ከመቅዳት ነው፤ መጀመር ያለበት ግን ከፈቃድ ነው። ባክቴሪያም እንደ ቡናውና እንደ ጤፉ የአገር የጄኔቲክ ሀብት ነው። በኢትዮጵያ ይህን ሀብት አግኝቶ መጠቀም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚመራ ሲሆን፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ተቋም የኢትዮጵያ ብዝሐ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ይህን ከመጀመሪያው የማነሳው በምክንያት ነው። በሥራው መጨረሻ ሕያው ባክቴሪያው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ አገሮች በሚገኙ የካልቸር (በላብራቶሪ ተለይቶ ያደገ ባክቴሪያ) ማከማቻዎች መቀመጥ አለበት፤ ወደ ውጭ የመላኪያ ፈቃድ ከሌለ የሁለት ዓመት ልፋት በመጨረሻው በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ማመልከቻው ናሙናው ከመቀዳቱ በፊት ይግባ፤ ናሙና የሚወሰድበት ቦታ ባለቤትም በጽሑፍ ፈቃዱን ይስጥ።

ናሙናው የት፣ መቼና እንዴት ይቀዳል?

ጥሩ የናሙና ቦታ ማለት ትናንት ዘይት የፈሰሰበት ሳይሆን ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጥ ሲፈስበት የቆየ ነው። አዲስ በፈሰሰ ዘይት ውስጥ የሚገኙት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች በአጋጣሚ እዚያ የነበሩ ሲሆኑ፣ ለዓመታት ዘይት በጠጣ ቦታ ግን ከዘይቱ ጋር መኖር የቻሉት ይበዛሉ። በአንድ ወቅት ከከዚራ ብዙም በማይርቅ አንድ ጋራዥ ናሙና ልቀዳ ስሄድ አዛውንቱ ባለቤት፣ «ልጄ፣ ይኼን ቆሻሻ ውሃ ምን ልታደርጊው ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዘይቱን የሚበሉ ጥቃቅን ፍጥረታት እንዳሉበት ለማየት ነው» ብዬ ስነግራቸው፣ እኔ ከቆምኩበት ከአዲሱ ቦይ አንስተው ከግቢው ጀርባ ወዳለ ጠባብ ጉድጓድ ወሰዱኝ። ጉድጓዱ ጋራዡ ከተከፈተ ጊዜ ጀምሮ የእጅ መታጠቢያውና የሞተር ማጠቢያው ውሃ የሚወርድበት ነበር። ደጋግሞ ከእጄ የገባው ጥሩ ካልቸር ከዚያ ጉድጓድ የመጣ ነው። የቦታውን ታሪክ ከሚያውቅ ሰው ጋር አሥር ደቂቃ መነጋገር ከየትኛውም መሣሪያ በፊት ይቀድማል።

በውሃ ላይ የሚታይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቀለም ሁሉ ዘይት አይደለም። ብረት የበዛበት ረጋ ያለ ውሃ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ተመሳሳይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። መለያው ቀላል ነው፤ ሽፋኑን በቀጭን እንጨት ይንኩት። እንደ ተሰበረ መስታወት ተሰነጣጥቆ ቁርጥራጩ ተለያይቶ ከቀረ የብረት ባክቴሪያዎቹ ሥራ ነው፤ እንጨቱ ሲነሣ ወዲያው ተመልሶ ከተያያዘ ዘይት ነው።

ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወይም ወደ እርሱ ከሚወርዱ ቦዮች ናሙና የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ደንገጎ ተራራ ይመልከት። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድሬ ፀሐይ እየወጣባትም ቢሆን ጎርፍ በድንገት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ደጋው ላይ ደመና ካለ ወደ አሸዋው አይውረዱ። ለሥራውም ቢሆን ዝናብ ከጣለ በኋላ ባሉት ቀናት ዘይቱ ታጥቦ ስለሚሄድና አፈር ስለሚቀላቀል፣ ደረቁ ወቅት የተሻለ ነው።

ጠርሙሱ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ የጸዳ፣ ቡናማ ቀለም ያለው የመስታወት ጠርሙስ ይሁን። ዘይት በፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል፤ የፀሐይ ብርሃንም ዘይቱንም ባክቴሪያውንም ይለውጣል። ጠርሙሱን በናሙናው ውሃ አያለቅልቁት፤ ዘይቱ ግድግዳው ላይ ይቀራልና። ከአንድ ቦታ ሦስት ጠርሙስ፣ ከብክለቱ በላይ ካለ ንጹህ ቦታ ደግሞ አንድ ማነጻጸሪያ ይቅዱ። በቦታው ላይ የውሃውን ሙቀትና ፒኤች፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በስልክዎ የሚያገኙትን የቦታ መጋጠሚያ በእርሳስ ይጻፉ። ማርከር አይጠቀሙ፤ ናፍጣ የነካው እጅ ጽሑፉን ሲያጠፋው አይቻለሁ። የተቃጠለ ዘይት ለካንሰር የሚያጋልጡ ውህዶች ስላሉበት ጓንት ያለ ማመንታት ይደረግ። ናሙናው በበረዶ ሣጥን በ4 ዲግሪ አካባቢ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀመርበት።

ዘይት በል የሆኑትን ማበራከት

የምንፈልጋቸው ባክቴሪያዎች ከሌሎቹ ተለይተው እንዲበዙ፣ ከዘይት በስተቀር ሌላ የካርቦን ምግብ በሌለበት ሚዲያ ውስጥ እናሳድጋቸዋለን። ለዚህ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ቡሽኔል-ሃስ የተባለው ሚዲያ ነው። በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ 0.2 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት፣ 0.02 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ፣ 1 ግራም ሞኖፖታሲየም ፎስፌት፣ 1 ግራም ዳይፖታሲየም ፎስፌት፣ 1 ግራም አሞኒየም ናይትሬትና 0.05 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ ይገባል፤ ፒኤቹ ወደ 7 ይስተካከላል። የቧንቧ ውሃ ለዚህ አይሆንም። በድሬ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ይረዳል፤ በውሃው ያለው ካልሲየም ከፎስፌቱ ጋር ተያይዞ ይዘቅጣል፤ ሚዲያውም ከመጀመሪያው ደፍርሶ ባክቴሪያው ያደገ ይመስላል። የብረቱን ጨው ለብቻው አጽድቶ በመጨረሻ መጨመርም ይህንኑ ዝቃጭ ይቀንሳል።

ስለ ማጽዳት አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ በብዙ መጻሕፍት ውስጥ የማይገኝና በእኛ አካባቢ ብዙ ሥራ የሚያበላሽ ነውና። መጽሐፉ «በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ለ15 ደቂቃ» ሲል የሚናገረው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ላብራቶሪ ነው። የሚገድለው ግፊቱ ሳይሆን የ121 ዲግሪው ሙቀት ሲሆን፣ ግፊቱ ወደዚያ ሙቀት ማድረሻ ብቻ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ የግፊት መለኪያው 17 ፒኤስአይ ገደማ ሊያሳይ ይገባል። ሐረር ከፍ ስለምትል 18 ገደማ ያስፈልጋል። ሙቀቱን በራሱ የሚቆጣጠር ዘመናዊ አውቶክሌቭ ይህን ያስተካክላል፤ መለኪያ ብቻ ባለው አሮጌ አውቶክሌቭ ወይም በፕሬሸር ኩከር የሚሠራ ግን መርፌው 15 ላይ ሲደርስ ጸድቷል ብሎ ካወጣው፣ ሙቀትን የሚቋቋሙ የባሲለስ ስፖሮች ተርፈው በማግስቱ «አዲስ ዝርያ» ሆነው ይጠብቁታል።

በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ሚዲያ፣ 1 ሚሊ ሊትር ናፍጣና 5 ሚሊ ሊትር ናሙና ይጨመራል። ናፍጣው በአውቶክሌቭ አይገባም፤ ነዳጅ በማይበላው ባለ 0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ይለፍ። ከዋናዎቹ ፍላስኮች ጎን ሁለት ማነጻጸሪያዎች ይኑሩ፤ አንዱ ናፍጣ ያለበት ናሙና ግን የሌለበት፣ ሌላው ናሙና ያለበት ናፍጣ ግን የሌለበት። የመጀመሪያው ከደፈረሰ ማጽዳቱ ወይም ዝቃጩ ችግር አለበት፤ ሁለተኛው ከደፈረሰ ባክቴሪያዎቹ ከናሙናው ጋር በመጣ ሌላ ምግብ ላይ ናቸው። ፍላስኮቹ በ30 ዲግሪ፣ በደቂቃ 150 ጊዜ በሚሽከረከር ሼከር ላይ ለ7 ቀናት ይቀመጡ፤ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ወደ አዲስ ሚዲያ ይዛወርና ይህ ሦስት ጊዜ ይደገም።

እዚህም ላይ የከተማው አየር የራሱን ጉዳይ ይዞ ይመጣል። ተራ ኢንኩቤተር ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችልም። በግንቦትና በሰኔ ክፍሉ ራሱ 33 እና 34 ዲግሪ ሲደርስ፣ መደወያው 30 ላይ ቢሆንም ውስጡ ከ30 በላይ ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ኢንኩቤተር ከሌለ 35 ዲግሪ ላይ ሠርቶ 35 ብሎ መጻፍ፣ 34 ላይ ሠርቶ 30 ብሎ ከመጻፍ እጅጉን ይሻላል። በፀሐይ የሚሞቅ የድሬ ቦይ ውሃ ለሚኖሩበት ባክቴሪያዎችም 35 ዲግሪ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ማበራከት አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ፈጥኖ የሚያድገው ቀስ ብሎ የሚያድገውን ውጦ ያስቀረዋል። ከሦስት ዝውውር በኋላ የሚቀሩት በአብዛኛው ፕሱዶሞናስና አሲኔቶባክተር ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ በዓለም ዙሪያ በብዛት የተጠኑ ናቸው። አዲስ ነገር የሚፈልግ ሰው ስለዚህ ከማበራከቱ ጎን፣ ናሙናውን በቀጥታ እስከ አንድ ሚሊዮንኛ አቅጥኖ በፔትሪ ዲሽ ላይ ይዝራው፤ ዲሹንም በፓራፊልም አሽጎ እስከ አራት ሳምንት ይጠብቅ። በሁለተኛው ቀን የሚወጡት ትላልቅ ኮሎኒዎች ይቆዩ፤ በሦስተኛው ሳምንት የሚታየው የመርፌ ጫፍ የሚያህል ኮሎኒ ግን ይመረጥ። እኔ ትዕግሥት የሚከፈለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ንጹህ ካልቸር

በዚህ ደረጃ ላይ የሚሠራ ስህተት ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ስለሚያበላሽ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ።

ለእነዚህ ባክቴሪያዎች አርቱኤ የተባለው ምግቡ አነስተኛ የሆነ አጋር ከወፍራሞቹ ሚዲያዎች ይሻላል። የተመረጠው ኮሎኒ በሉፕ ተነሥቶ በአራት አቅጣጫ ይዘራል፤ ተነጥሎ የበቀለ ኮሎኒ ተመርጦ እንደገና ይዘራል፤ ይህም ቢያንስ ሦስት፣ ለዘይት በሎቹ ግን አምስት ጊዜ ይደገም። አምስት የምለው በራሴ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። በአንድ ወቅት ሦስት ጊዜ ዘርቼ ንጹህ ነው ያልኩት ቢጫ ኮሎኒ የጂን ምርመራው ሲመጣ ቅርብ ከሚባለው የታወቀ ዝርያ ጋር ያለው ተመሳሳይነት 93 በመቶ ብቻ ሆነ። አዲስ ጂነስ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ወገን) ያገኘሁ መስሎኝ ለሳምንታት ደስታዬን ማንም አልነካብኝም። በኋላ የውጤቱን ግራፍ አንድ በአንድ ሳየው ከመካከሉ ጀምሮ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ሁለት ጫፎች ተደራርበው ነበር። ቢጫው ባክቴሪያ በውስጡ ቀለም የሌለው ሌላ ባክቴሪያ ነበረበት፤ የተነበበውም ቅደም ተከተል የሁለቱ ድብልቅ ነበር። ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች አንዱ የሌላውን ትራፊ እየበላ፣ በሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር ተያይዘው መኖር ልማዳቸው ስለሆነ በቀላሉ አይለያዩም።

ስለዚህ ካልቸሩ በተዘራ ቁጥር የግራም ቀለም ይቀባና በማይክሮስኮፕ በ1000 እጥፍ ይታይ። ሁለት ዓይነት ቅርጽ ከታየ አልጸዳም። ካልቸሩ በጨው ውሃ ውስጥ በመስታወት ዶቃ ተመቶ ከተበተነ በኋላ ቢዘራ የተጣበቁት ይለያያሉ። ኮሎኒውን ግን በምንም ምክንያት አያሽትቱ። ዘይት ከሚበሉት መካከል ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳን የመሰሉ ሰውን የሚያሳምሙ ስላሉ፣ በ42 ዲግሪ የሚያድግና አረንጓዴ ቀለም የሚያወጣ ካልቸር በተለየ ጥንቃቄ ይያዝ።

ንጹህነቱ የተረጋገጠው ካልቸር በዚያው ቀን 20 በመቶ ግሊሰሮል ባለበት ቢያንስ አሥር ትናንሽ ቱቦዎች ውስጥ ገብቶ በዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጥ። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቦታ ቱቦዎቹ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ባሉ ፍሪዘሮች ይከፈሉ። ፍሪዘር የሌላቸው ላብራቶሪዎች አጋር ላይ ያደገውን ካልቸር በጸዳ ፓራፊን ዘይት ሸፍነው የማቆየት የቆየ ዘዴ አላቸው፤ ለሌላ ባክቴሪያ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ግን አይሆንም፤ የሸፈንበትን ዘይት ሊመገበው ይችላልና።

በእርግጥ ዘይቱን ይበላዋልን?

አንድ ባክቴሪያ ናፍጣ በተቀባ አጋር ላይ ስለበቀለ ብቻ ናፍጣ ይበላል ማለት አይቻልም። አጋሩ ራሱ ባለው ጥቂት ቆሻሻ ላይ የሚበቅሉ ብዙ ናቸው። ዘይት በሌለበት አጋር ላይ ጎን ለጎን ዘርቶ ልዩነቱን ማየት የመጀመሪያው ፈተና ነው። ሁለተኛው ዲሲፒአይፒ የተባለውን ሰማያዊ ቀለም መጠቀም ነው፤ ባክቴሪያው ዘይቱን ሲያቃጥል የሚያወጣቸውን ኤሌክትሮኖች ቀለሙ ይቀበልና ሰማያዊነቱ ይጠፋል። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለብዙ ካልቸሮች ማጣሪያ ይሆናል።

የጠፋውን ናፍጣ በመመዘን መጠኑን ማወቅ የሚፈልግ ግን በድሬ ሙቀት ይጠንቀቅ። የናፍጣው ቀላል ክፍል ማንም ሳይበላው ይተናል። ሕይወቱ በሙቀት የጠፋ ያው ባክቴሪያ የገባበት ማነጻጸሪያ ፍላስክ ከሌለ፣ የተነነውን ሁሉ ባክቴሪያው በላው እንላለን። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ በጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚገኘው ነው። በናፍጣ ውስጥ 17 ካርቦን ያለው ቀጥ ያለ አልኬንና ፕሪስቴን የተባለው ቅርንጫፋማ ውህድ በሚተንኑበት ፍጥነት ይቀራረባሉ፤ ባክቴሪያዎች ግን በአብዛኛው ቀጥ ያለውን አስቀድመው ይበላሉ። የሁለቱ ጥምርታ ከማነጻጸሪያው ጋር ሲታይ በግልጽ ከቀነሰ መብላቱ ተረጋገጠ ማለት ነው። መሣሪያው በቅርብ ከሌለ ናሙናውን ማስመርመር ይቻላል፤ ይህ ክፍል ግን ለዝርያው አዲስነት ማስረጃ አለመሆኑን አይዘንጉ። ዘይት መብላት ከብዙ ርቀው ባሉ ወገኖች ውስጥ የሚገኝ ችሎታ ነው።

የ16ኤስ ጂን

ካርል ዎስና ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 የራይቦዞምን አርኤንኤ አነጻጽረው የሕያዋንን ዝምድና እንደ አዲስ ካደራጁ ወዲህ፣ የባክቴሪያ መታወቂያ ወረቀቱ 1,500 ቤዝ ገደማ ርዝመት ያለው የ16ኤስ አርአርኤንኤ ጂን ሆኗል። ዲኤንኤው ከንጹህ ካልቸር ይወጣል። ግራም ፖዘቲቭ ከሆነ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ አስቀድሞ በላይሶዛይም ይታከም፤ ካልቸሩ ናፍጣ በሌለበት ሚዲያ ላይ የበቀለ ይሁን፤ የዘይት ቅሪት ፒሲአሩን (ጂኑን የሚያባዛውን ሂደት) ሊያደናቅፍ ይችላልና። ፒሲአሩ 27ኤፍ እና 1492አር በተባሉት ፕራይመሮች (የሚባዛውን ክፍል ጫፎች የሚይዙ አጫጭር ዲኤንኤዎች)፣ በ95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ ተጀምሮ፣ 30 ጊዜ በ95 ዲግሪ 30 ሰከንድ፣ በ55 ዲግሪ 30 ሰከንድ፣ በ72 ዲግሪ 90 ሰከንድ ሆኖ፣ በ72 ዲግሪ ለ7 ደቂቃ ይጠናቀቃል። ዲኤንኤ ያልገባበት አንድ ቱቦ ሁልጊዜ አብሮ ይሂድ። ኢንዛይሙ ራሱ ከባክቴሪያ የሚመረት በመሆኑ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ሊኖርበት ይችላል፤ ባዶው ቱቦ በጄሉ ላይ መስመር ካሳየ ሌሎቹ ሁሉ ዋጋ የላቸውም።

ምርቱ ወደ ንባብ ሲላክ ከሁለቱም ጫፍ እንዲነበብ ይዘዙ። አንድ የሳንገር ንባብ በጥራት የሚሰጠው ከ700 እስከ 900 ቤዝ ነው፤ በአንድ ጫፍ ንባብ ብቻ ስለ አዲስ ዝርያ መናገር አይቻልም። ግራፉን ራስዎ ይመልከቱ፤ የደበዘዙትን ጫፎች ይቁረጡ፤ ሁለቱን አገናኝተው ከ1,400 ቤዝ ያላነሰ ቅደም ተከተል ያዘጋጁ።

ከዚያ ንጽጽሩ ይመጣል። ቅደም ተከተልን ከመረጃ ቋት ጋር በሚያነጻጽረው በብላስት ላይ ያለ ገደብ መፈለግ ስም የሌላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ቅደም ተከተሎችን ያመጣልና ፍለጋው በታይፕ ስትሬይኖች ብቻ እንዲወሰን ይደረግ፤ ኢዚባዮክላውድ የተባለው የመረጃ ቋትም ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። ታይፕ ስትሬይን ማለት አንድ ዝርያ ሲሰየም መመዘኛ ሆኖ የተቀመጠው ካልቸር ነው። ተመሳሳይነቱ ከ98.7 በመቶ በታች ከሆነ አዲስ ዝርያ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው፤ ከ94.5 በመቶ በታች ከሆነ ደግሞ የአዲስ ጂነስ ጥያቄ ይነሣል። እንደ እኔው 93 በመቶ ያየ ሰው ግን ደስ ከመሰኘቱ በፊት ወደ ፍሪዘሩ ተመልሶ፣ ከሌላ ቱቦ ካልቸሩን አንሥቶ፣ ዲኤንኤውን እንደ አዲስ አውጥቶ ያስነብብ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ካልሆኑ ከሁለቱ አንዱንም አይመኑ።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ተመሳሳይነቱ 99 በመቶ ስለሆነ ብቻ ካልቸሩን መጣል ነው። ፕሱዶሞናስን፣ አሲኔቶባክተርንና ባሲለስን በመሰሉ ጂነሶች ውስጥ በ16ኤስ ሊለዩ እስከማይችሉ የተቀራረቡ የተለያዩ ዝርያዎች አሉ። በእነዚህ ውስጥ እንደ ጋይረስቢ እና አርፒኦቢ ያሉ ፈጥነው የሚለወጡ ጂኖች ወይም ሙሉው ጂኖም ይፍረድ።

ፍርዱ የጂኖሙ ነው

እ.ኤ.አ. በ1987 ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ሁለት ባክቴሪያዎች የአንድ ዝርያ አባል የሚባሉት ዲኤንኤያቸው ሲዳቀል 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሲገናኝ ነው ብሎ ወሰነ። ያን አድካሚ ሙከራ ዛሬ ኮምፒውተር ተክቶታል። ጂኖሙ ቢያንስ በ50 እጥፍ ጥልቀት ይነበብ፤ ሲገጣጠም በቼክኤም ንጽህናው ይታይ፤ የሌላ ባክቴሪያ ቅይጥ ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ ወደ ንጹህ ካልቸሩ ይመለሱ። ከዚያ በአማካይ የኑክሊዮታይድ ተመሳሳይነቱ ከቅርብ ታይፕ ስትሬይኖች ሁሉ ጋር ይሰላ። ከ95 እስከ 96 በመቶ ካለው ድንበር በታች ከሆነና በዲጂታል መንገድ የተሰላው የዲኤንኤ ድቅል ከ70 በመቶ በታች ከወጣ ዝርያው አዲስ ነው ለማለት ጠንካራ መሠረት አለ። ቲዋይጂኤስ የተባለው በነፃ የሚገኝ አገልግሎት ንጽጽሩን ራሱ ይሠራል። አልክቢን የመሰሉ አልኬን የሚሰብሩ ኢንዛይሞችን የሚያዝዙ ጂኖችም እዚሁ ጂኖም ውስጥ ይፈለጋሉ፤ በናፍጣው ፈተና የታየው ነገር ከየት እንደሚመጣ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው።

መልክና ጠባይ

የሚያድግበት የሙቀት፣ የፒኤችና የጨው መጠን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን፣ ካታሌስና ኦክሲዴስ፣ እንቅስቃሴው፣ የሚመገባቸው ስኳሮችና አሲዶች፣ የሴል ሽፋኑ የፋቲ አሲድ ዓይነትና የኪኖኑ ዓይነት ይመዝገባል። ወሳኙ ነገር የቅርብ ዘመድ የሆነው ታይፕ ስትሬይን ከማከማቻ ተገዝቶ ጎን ለጎን፣ በአንድ ሚዲያና በአንድ ቀን መፈተኑ ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ካለ ሠንጠረዥ ጋር ማነጻጸር የሚዲያን ልዩነት የዝርያ ልዩነት ያስመስላል። ከአንድ በላይ ስትሬይን፣ ማለትም ከዚያው ዝርያ ሌላ ካልቸር፣ ካለዎት ደግሞ ሁሉንም ይጨምሩ፤ ከአንድ ጉድጓድ የመጣ አንድ ካልቸር ስለ ዝርያው የሚናገረው ጥቂት ነው።

ስምና ማከማቻ

ስሙ በላቲን ሰዋስው ይወጣል። የቦታ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው በ«ኤንሲስ» ሲሆን፣ ጂነሱ በላቲን ግዑዝ ጾታ ከሆነ «ኤንሴ» ይሆናል። ከኢትዮጵያ ቦሎቄ ሥር የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2017 የተገለጸው ራይዞቢየም ኤቲዮፒኩም ሌላውን የቦታ ቅጽል መጨረሻ ወስዶ «ኩስ» ሳይሆን «ኩም» የሆነው ራይዞቢየም ግዑዝ ጾታ ስለሆነ ነው። በራስ ስም መሰየም በሙያው ውስጥ ነውር ነው፤ ከተማችንን ማስጠራት ግን ማንም አይከለክልም።

ጽሑፉ ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ሲስተማቲክ ኤንድ ኤቮሉሽናሪ ማይክሮባዮሎጂ በተባለው መጽሔት ከወጣ ስሙ በደንቡ መሠረት ይጸናል፤ በሌላ መጽሔት ከወጣ ግን በዚሁ መጽሔት የማጽደቂያ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ማመልከት ይገባል። በሁለቱም መንገድ ካልቸሩ በሁለት አገሮች ባሉ ማከማቻዎች መግባቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያስፈልጋል። በጀርመን፣ በጃፓን፣ በደቡብ ኮሪያና በቤልጅየም የታወቁ ማከማቻዎች አሉ፤ አንድ ቅጂ በኢትዮጵያ ብዝሐ ሕይወት ኢንስቲትዩት የረቂቅ ተሕዋስያን ክምችት ውስጥ መኖሩም ተገቢ ነው።

ማከማቻው ካልቸሩን ተቀብሎ፣ አሳድጎና አድርቆ ሲያበቃ ከራሱ ክምችት አንድ ቱቦ ለላኪው መልሶ ሊልክ ይችላል። ይህ ቱቦ ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር። በመንገድ ላይ ወይም በእነርሱ ዘንድ ሌላ ነገር ገብቶበት ከሆነ፣ በስሙ ለዘለዓለም የሚቀመጠው የተሳሳተ ባክቴሪያ ነው። ቱቦውን ይክፈቱ፤ በአርቱኤ ላይ ይዝሩት፤ በማይክሮስኮፕ ይዩት፤ 16ኤሱን እንደገና ያስነብቡ። ከጋራዡ ጉድጓድ በመጣው የመጀመሪያ ቱቦ ውስጥ ካለው ጋር እያንዳንዱ ቤዝ ከተገጣጠመ፣ ጽሑፉን በዚያው ሳምንት ይላኩት።